ካቴናው አንድ ቦታ ይላላል፣ ሌላ ቦታ ይወጠራል

ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው። ሞተሬ 150 ሲሲ ናት፤ ያገለገለች ነው የገዛኋት። ካቴናዋ (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ትንንሽ የጎማ ቀለበት ያለው፣ ኦሪንግ የሚባለው ዓይነት ነው።

ሰሞኑን ነዳጅ ስለቅ ከታች ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካቴናው ደርቋል፣ ጎኑም ዝገት ጀማምሮታል። ሞተሩን አጥፍቼ በመሃል መቆሚያው አቆምኳት። በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት፣ ከውስጥ በኩል የማርሽ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩለት፤ ትርፉን ጠረግኩ። (ከዚያ በፊት ግራሶ ለቅልቄው ነበር። አሸዋውን ሁሉ ሰብስቦ ጥቁር ሊጥ ሆነ። ሁለተኛ አይለመደኝም።)

ድምፁ ቀነሰ። ያቃተኝ ውጥረቱ ነው። የሞተሯ መመሪያ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር መላላት አለበት ይላል። የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ በጣቴ ገፋ አድርጌ ስለካው 35 ነው። ጎማውን በእጄ ሳዞረው ግን አንድ ቦታ ላይ 15 ይሆናል። እዚያ ጋ በቀለም ምልክት አደረግኩ፤ ደጋግሜ ባዞረውም የሚወጠረው ምልክቱ ጋ ሲደርስ ነው። ሦስት የካቴናው ማያያዣዎችም ታጥፈው ይቀራሉ፣ በዘይት አልፈቱም። ካቴናው ከሚዞርባቸው ጥርሶች የኋላው ደህና ይመስላል፤ የፊተኛው ጫፉ እንደ መንጠቆ ጎበጥ ብሏል።

በላላበት በኩል ላጠብቀው ብዬ ነበር፤ ያ የተወጠረው ቦታ እንደ ክራር ጅማት ሲሆን ደንግጬ መለስኩት።

በተወጠረበት ቦታ ለክቼ ባስተካክለው ለጊዜው ልነዳው እችላለሁ ወይስ ካቴናውን ከነጥርሶቹ ሳልቀይር መንቀሳቀስ የለብኝም?