ጥያቄ፦ እናቴ ለልጄ የምታነብላት የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ

ከባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሦስት ሳምንት በፊት የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ ከቨርጂኒያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ባሕር ዳር መጥቻለሁ፤ አባቷ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ በጣና ዳርቻ ስንንሸራሸር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ተከተሏት። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ክንዷን ከክንዴ ጋር አስተያይታ «እማዬ፣ እኔ ያንቺ አይደለሁም?» አለችኝ። እንደኛ ያለ ቤተሰብ የተሣለባቸው ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይዘን መጥተናል፤ ማታ ማታ ልታነብላት የምትጓጓው እናቴ ግን እንግሊዝኛ አታነብም። እዚህ ባገላበጥኳቸው የአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ አላገኘሁም። የምታውቁት ካለ ብትጠቁሙኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
እኅቴ፣ በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ስለምሠራ ጉዳዩን በቅርብ አውቀዋለሁ። በአሜሪካም ቢሆን እነዚህ መጻሕፍት ዘግይተው የመጡ ናቸው። በምንኖርበት በቨርጂኒያ ጥቁሯ ሚልድሬድና ነጩ ሪቻርድ ሎቪንግ በመጋባታቸው ብቻ ተከሰው፣ እስራቱ ቀርቶላቸው ለ25 ዓመት ከግዛቱ እንዲወጡ ተወስኖባቸው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን የሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ጥቁር እናትና ነጭ አባት ያሉትን ቤተሰብ በሥዕል ካሳዩት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ የሆነው የአርኖልድ አዶፍ ሥራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ስትመርጪ፣ ቀለምን እንደ ችግር አንስቶ ከሚያስተምረው ይልቅ ቤተሰቡ ሲያበስል፣ ሲጫወት፣ ሲተኛ የሚያሳየውን አስቀድሚ። አማርኛውን በወረቀት ጽፈሽ በየገጹ ግርጌ ለጥፊበት፤ «ብራውን» የሚለውን «ቡናማ»፣ ልጅቷን ደግሞ «ክልስ» ብለሽ ተርጉሚው።

ከፍራንክፈርት፦
ወንድሜ፣ በምክርህ እስማማለሁ፤ በሁለቱ ቃላት ግን አልስማማም። «ቡናማ» የጫማና የካፖርት ቀለም እንጂ የሰው መልክ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ሰው ጠይም ነው፣ ቀይ ነው፣ የቀይ ዳማ ነው፣ ጥቁር ነው፤ ከአንድ እናት የወጡ ወንድማማቾች እንኳ በመልክ ይለያያሉ፣ ዘራቸውን ግን የሚጠይቅ የለም። «ክልስ» ደግሞ የተዳቀለችን ላምም የምንጠራበት ቃል ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በጀልባ ወደ ዘጌ ወስዶ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚሣል አሳይቶኛል፤ እዚህ በረዶ ሲጥል ዛሬም ያ ግድግዳ ይታየኛል። የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፌ እሱ ነበር፤ ሰዎቹን የለየኋቸው ግን በቀለማቸው አልነበረም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
«ክልስ» ብዙ ልጆች ራሳቸውን ያለ ኀፍረት የሚጠሩበት ቃል ነው። ቤተሰቧ ስም ያልሰጣትን ልጅ መንገደኛው የራሱን ስም ያወጣላታል፤ በጣና ዳርም የሆነው ይኸው ነው።

ከባሕር ዳር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሌሊት አንዱን መጽሐፍ ጽፌ ለጠፍኩ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስታነብላት እናትየዋ «ጠይም» የተባለችበት ገጽ ላይ ሲደርሱ፣ ልጄ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳርፋ «ይቺ እማዬ ናት» አለች። ልጅቷን እናቴ ራሷ «ቀይ» ብላ አነበበቻት። የአባትየውን ቦታ ግን ባዶውን ትቼዋለሁ፤ እናቴ «ፈረንጅ ብለሽ ጻፊ እንጂ፣ ሌላ ምን ይባላል?» ትለኛለች፣ እኔ ግን ያን ቃል በልጄ መጽሐፍ ላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በአማርኛ የታተመ የምታውቁ ካላችሁ አሁንም እጠብቃለሁ።