የስፌት መርፌ ወጋኝ፤ ፔፕ (ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰደውን መድኃኒት) ልጀምር ወይስ የእናትየዋን ውጤት ልጠብቅ?

አዋላጇ ከደምበጫ ገጠር

እንዴት አደራችሁ። ደምበጫ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት በቃሬዛ መጣች። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና አይገባም፤ የሰፈሯ ልጆች ናቸው ተሸክመው ያደረሷት። መብራት ከምሽት ጀምሮ ጠፍቷል። ልጁ በደህና ተወለደ። እሷ ግን ስትወልድ ተቀድዳ እየደማች ስለነበር መስፋት ነበረብኝ። የጽዳት ሠራተኛችን በስልኳ ታበራልኝ ነበር። የመርፌው ጫፍ ሲጠፋብኝ በጣቴ ፈለግሁት። ጓንቱን በስቶ የግራ ሌባ ጣቴን ወጋኝ። ደም ወጣ።

የታጠብኩት ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ደሟ እየፈሰሰ ትቻት መሄድ አልቻልኩም። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ሆኗል፣ ለማንም አልተናገርኩም። «መርፌ መያዝ አትችልም» እንዳይሉኝ ፈራሁ። እናትየዋ የእርግዝና ክትትል ካርዷን ስላልያዘች የኤችአይቪ ውጤቷን አላውቅም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ኮሌጅ እያለሁ አንዴ ብቻ ወስጃለሁ። ለባለቤቴስ ምን ልበለው?

ሲስተር ከማርቆስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ተነሽና ፔፕ ጀምሪ። ውጤት አትጠብቂ። መድኃኒቱ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው፤ 72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። የእናትየዋ ውጤት ነጻ ከሆነ ይቋረጣል፣ ካልሆነ 28 ቀን ሳታቋርጪ ትወስጃለሽ። ጣትሽን እየጨመቅሽ ደም አታውጪ፣ በረኪናም አታስነኪው። ሳሙናና ውኃ በቂ ነው።

ለኃላፊሽ ንገሪ፣ በመዝገብም ይጻፍልሽ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ተወግቼ ደብቄ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንቺ እንዲህ አትሁኚ። በጨለማ ያሰፋሽ መብራት መጥፋቱ ነው እንጂ ስንፍናሽ አይደለም።

ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው። የአንቺ የመጨረሻ ምርመራ እስኪያልቅ ኮንዶም ተጠቀሙ፣ ደምም አትለግሺ።

ላብራቶሪ፣ ቡሬ

ሲስተር ያለችው ልክ ነው። የሚያረጋጋሽ ነገር ልጨምር። ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም በመርፌ የመያዝ ዕድል ከ1000 ሰው 3 ያህል ነው። እሱም ውስጡ ክፍት በሆነው የደም መቅጃ መርፌ ጭምር ነው። የስፌት መርፌ ድፍን ስለሆነ የሚይዘው ደም ያነሰ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ላልተከተበ ሰው ቫይረሱ ካለበት ደም የመያዝ ዕድሉ ከ100 ሰው እስከ 30 ይደርሳል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ 7 ቀን ይቆያል። ክትባቱን ዛሬውኑ ቀጥይ፣ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግሽም። ያበራችልሽ የጽዳት ሠራተኛስ ተከትባለች? ሴፍቲ ቦክሱን፣ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበትን ሣጥን፣ ተሸክማ ወደ ማቃጠያ የምትወስደው እሷ ናት። ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዘጋት ያለበትን ሣጥን ብዙ ቦታ አፉ ድረስ ሲጠቀጥቁት አያለሁ። እኛ ስንወጋ ስለ ፔፕ እናውቃለን። እሷ ስትወጋ ማን ይነግራታል?

አዋላጇ ከደምበጫ ገጠር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ፍሬ ዋጥኩ። ለኃላፊዬም ነገርኩት፤ አልተቆጣም፣ ተመዘገበልኝ።

እናትየዋን እያፈርኩ ጠየቅኋት። «ልጄን ስታወጪ አይደል የቆሰልሽው፣ ደሜን ውሰጂ» አለችኝ። አልቅሻለሁ። ኤችአይቪዋ ነጻ ነው። የሄፓታይተስ መመርመሪያ እኛ ጋ ስላለቀ ደሟ ወደ ከተማ ተልኳል።

የጽዳት ሠራተኛችንን ጠየቅኋት። ስምንት ዓመት ሠርታለች፣ ክትባት መኖሩን ሰምታ አታውቅም። እኔም ሁለተኛዬን፣ እሷም የመጀመሪያዋን አብረን ተወጋን። የእሷ ቀጣይ ከወር በኋላ ነው። ቀኑን በእጇ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላት፣ ካርዱ እንዳይጠፋባት ስለፈራች።

ባለቤቴ ዛሬ ገበያ ስለሚወርድ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ እንዲገዛልኝ ነግሬዋለሁ። ነገ ማታ ዲዩቲ ነኝ።