ሳልመን ስጠብስ ቆዳው ይጣበቃል፣ ቅቤውም ይጠቁራል፤ የቱ ላይ ነው የምሳሳተው?

ጥያቄ፦ ሜሮን

ሰላም ለሁላችሁ። ሳልመን በጣም እወዳለሁ፤ ግን ቤቴ ውስጥ ጠብሼ እንደምፈልገው ወጥቶልኝ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ዓሣውን ከፍሪጅ አውጥቼ አጥበዋለሁ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ እነሰንስበታለሁ፣ ከዚያ ቅቤ አቅልጬ መጥበሻው ላይ አደርገዋለሁ። ቆዳው ተጣብቆ ይቀራል። ልገለብጠው ስል ሥጋው ይፈረካከሳል። ከጎኑ ነጭ ነገር እየወጣ ይረጋል። ቅቤው ደግሞ ዓሣው ሳይበስል ይጠቁርና ሶሱ ይመርራል።

መጥበሻዬ የማይዝግ ብረት ነው፣ ቴፍሎን አይደለም። ዓሣው ቆዳ አለው፤ አንዱ ቁራጭ 170 ግራም ገደማ ነው፤ በረዶ ሆኖ ነው የምገዛው። ቅዳሜ እናቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ይህንን ሠርቼ ላበላት በጣም ጓጉቻለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ ዮናስ

ሜሮን፣ ችግሩ ብዙ ይምሰልሽ እንጂ አብዛኛው የሚመጣው ከውሃና ቅቤውን ከምትጨምሪበት ሰዓት ነው። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት ዓሣ ጠብሻለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ዓሣ ማድረቅን ነው።

እርጥብ ዓሣ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ማትነን አለበት። ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ቆዳው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አያልፍም። በዚያ ሙቀት ቆዳ ይቀቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ አትጠቢው። ማጠብ የዓሣውን ጀርም ገንዳሽና ዕቃሽ ላይ ከመርጨት በቀር ጥቅም የለውም፤ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። በወጥ ቤት ወረቀት ግራ ቀኙን ተጭነሽ አድርቂው። ከዚያ በቢላ ጀርባ ቆዳውን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጠረግ ጠረግ አድርጊው። ደረቅ ከመሰለሽ ቆዳ ውስጥ የሚወጣው ውሃ ይገርምሻል። ያንንም በወረቀት ጥረጊው። ጊዜ ካለሽ ሳትከድኚው ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ተዪው፤ ቀዝቃዛው አየር ቆዳውን የበለጠ ያደርቀዋል።

ጨው ውሃ ይስባል። ስለዚህ ቆዳው ላይ የምትነሰንሺው መጥበሻው ላይ ልታደርጊው ስትይ ይሁን።

አሁን ወደ መጥበሻው። የማይዝግ ብረት ለዚህ ሥራ ጎበዝ ነው፤ በደንብ መጋል ብቻ ነው የሚፈልገው። ባዶውን መካከለኛ እሳት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አቆዪውና አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ቸስ ብላ ከጠፋች ገና ነው። እንደ ዶቃ ተጠቅልላ ከተሽከረከረች ደርሷል። ውሃው ከጠፋ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተጣራ ዘይት ጨምሪ። ዘይቱ ሲያብረቀርቅ ዓሣውን በቆዳው በኩል፣ ከራስሽ ወደዚያ እያጋደምሽ አስቀምጪው፤ ዘይት ቢረጭ ወደ አንቺ አይመጣም።

ቆዳ ሲሞቅ ይኮማተርና መሃሉ ከመጥበሻው ይነሳል። ስለዚህ በመገልበጫው ከላይ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ቀስ ብለሽ ያዥው። ከዚያ በኋላ አትንኪው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ በየደቂቃው እየፈነቀለ ያያል። ቆዳው ሲደርቅና ሲጠበስ ራሱ ብረቱን ይለቃል። ለማንሳት ሞክረሽ እንቢ ካለሽ አትታገዪው፣ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ስጪው።

መገልበጫ ሰዓቱን ለማወቅ የዓሣውን ጎን ተመልከቺ። ጥሬው ክፍል ብርሃን የሚያሳልፍ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፤ የበሰለው ደብዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል። ይህ ደብዛዛ ቀለም ከታች ወደ ላይ እየወጣ ቁመቱን ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ገልብጪው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ተኩል ከሆነ አምስት ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። በሌላው በኩል አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ቅቤው ደግሞ፦ የገበታ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ሲሆን ትንሽ የወተት ፕሮቲንና ስኳር አለው። እየጠቆረ የሚያመርርሽ ይህ የወተት ክፍል ነው፤ ከ150 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ማረር ይይዛል። ዓሣውን በዘይት ጥበሺ፤ ቅቤውን ለመጨረሻ አቆዪው።

መልስ፦ ትዕግስት

ዮናስ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ነጩ ነገርና ስለ በረዶው ልጨምር።

ነጩ አልቡሚን የሚባል የዓሣው ፕሮቲን ነው፤ ቢበላ ምንም አይልም። ሙቀት ሥጋውን ሲያኮማትረው ወደ ውጭ ይገፋና ይረጋል። በጣም ከበዛ እሳቱ በርትቷል ወይም ዓሣው ከሚገባው በላይ በስሏል ማለት ነው። ለመቀነስ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 50 ግራም ጨው አሟሚና ዓሣውን ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ንከሪው። አውጥተሽ ዮናስ እንዳለው በደንብ አድርቂው። እንዲህ ካደረግሽ ሌላ ጨው አያስፈልገውም።

በረዶውን ማታ ወደ ፍሪጅ አውርጂው፤ እስከ ጠዋት ይለቃል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አየር በሌለው ላስቲክ የታሸገ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ላስቲኩን ቅደጂው። አየር በሌለበት ቦታ የሚያድግና መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ አለ፤ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ሊያድግ ይችላል። አየር ካገኘ ግን ይገታል።

ሥጋውን በጣትሽ ዳስሺው፤ ቀጫጭን አጥንት ሊኖረው ይችላል። በወረንጦ ያዝ አድርገሽ ወደ ተጋደመበት አቅጣጫ ሳቢው።

ሜሮን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማጠቡን እንደ ንጽሕና ነበር የምቆጥረው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቅቤውን በመጨረሻ ስጨምር ሶስ የሚሆነው እንዴት ነው? ባለፈው ቅቤው ለብቻው፣ ሎሚው ለብቻው ሆነ። ደግሞስ መብሰሉን በምን ልወቅ? እናቴ 70 ዓመቷ ነው፤ ጥሬ እንዲሆን አልፈልግም።

መልስ፦ እትዬ አልማዝ

ልጄ፣ የሶሱን ለእኔ ተዪው። ቤቴ ውስጥ በብዛት የምሠራው ይህንን ነው።

ዓሣው ሲበስል ቆዳውን ወደ ላይ አድርገሽ ሳህን ላይ አውጪው። የመጥበሻውን ዘይት አፍስሺና በወረቀት ጥረጊው። ያረረ ነገር ካለ ይውጣ፣ ቡናማው ብቻ ይቅር። እሳቱን ዝቅ አድርጊ። 50 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ እንደ ስኳር ድንጋይ ከትፈሽ አዘጋጂ። ከእሱ አንዷን ቁራጭ አቅልጪና አንድ ፍሬ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፤ ሽታው ሲመጣ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሺበት። የተያዘውን በእንጨት ማንኪያ ፋቂው። ውሃው በግማሽ ሲቀንስ እሳቱን አጥፊው።

አሁን ቀዝቃዛውን ቅቤ ሁለት ሁለት ቁራጭ እየጨመርሽ መጥበሻውን ዙሪያውን አወዛውዢው። አንዱ ሳይቀልጥ ሌላውን አትጨምሪ። ቅቤው ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከውሃው ጋር ይዋሃድና ወፈር ያለ፣ ክሬም የመሰለ ይሆናል። ያንቺ የተለያየው እሳቱ ስለበዛበት ይመስለኛል፤ ቅቤ ከፈላ ስቡ ይለያል። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪና ቅመሺው። ቅቤው ጨው ያለው ከሆነ ሌላ ጨው እንዳትጨምሪ።

ቢለያይብሽም አትደንግጪ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጊና በፍጥነት ምቺው፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሶሱን ቆዳው ላይ እንዳታፈሺው። ያን ያህል የለፋሽበት ቆዳ በአንድ ደቂቃ ይርሳል። ሳህኑ ላይ ሶሱን አፍስሺ፣ ዓሣውን ከላይ አድርጊ።

መልስ፦ ዳዊት

እኔ በሁሉም አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግዳ የሚሠራ ሰው ቴፍሎን ቢጠቀም ይሻለዋል፤ ቆዳው በጣም ሳይግል ይለቃል፣ ጭንቀቱም ይቀራል። ሶስ ለብቻ መሥራትም ግዴታ አይደለም። ከገለበጥሽ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ፤ መጥበሻውን ጋደል አድርገሽ የቀለጠውን በማንኪያ እየቀዳሽ ሥጋው ላይ አፍስሺ። አንድ ደቂቃ ነው። ጣዕሙ ዓሣው ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ ዮናስ

ዳዊት ያለው መንገድ ጥሩ ነው፤ እኔም ብቻዬን ስበላ እንደዚያ ነው የማደርገው። ቴፍሎን ካለሽ ግን ባዶውን አታግዪው፤ ሽፋኑ ይጎዳል። ዘይቱን ቀድመሽ ጨምሪ።

መብሰሉን በተመለከተ፣ የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ ወፍራሙ ቦታ መሃል ላይ ውጊው። ብዙ ወጥ ቤቶች 50 ወይም 52 ዲግሪ ላይ ያወጡታል፤ ያኔ መሃሉ ለስላሳና እርጥብ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚመክረው ግን 63 ዲግሪ ነው። ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት እኔም ከዚህ አልወርድም። ለእናትሽ 63 አድርሺው። ትንሽ ይደርቃል፤ የእትዬ አልማዝ ሶስ ይክሰዋል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ በሹካ ወፍራሙን ቦታ ገለጥ አድርጊ፤ የሚያሳልፍ ቀለም መሃሉ ላይ ከሌለና ሥጋው በየንብርብሩ በቀላሉ ከተለያየ በስሏል።

ሜሮን

ቅዳሜ አለፈ፤ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ቸኩዬ መጥበሻው በደንብ ሳይግል ስለጨመርኩት ጫፉ ላይ ትንሽ ተያዘ። ሁለተኛው ግን ራሱ ለቀቀ! መገልበጫውን ከታች ሳስገባ ተንሸራተተ፤ ቆዳው ሲነካ ድምፅ ያሰማል። ነጩም ጥቂት ብቻ ነው የወጣው። ሶሱ አልተለያየም። እናቴ ቆዳውን ጨርሳ የእኔንም ወሰደች። በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ቁራጭ ተርፎ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እንዴት ላሙቀው?

መልስ፦ እትዬ አልማዝ

እሰይ ልጄ! የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ ከሆነ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። እኔ ባታሞቂው እመርጣለሁ። ማይክሮዌቭ ያደርቀዋል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላል። ቆዳውን አንሺና ሥጋውን ፈልፍለሽ ከሰላጣ ጋር ብዪው፤ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ሙቅ ካልሆነ ካልሽ መጥበሻ ላይ ከአንድ ማንኪያ ውሃ ጋር ከድነሽ በዝቅተኛ እሳት ላይ አድርጊው፤ በደንብ እስኪግል ቆይተሽ ወዲያው አውጪው።