የበረንዳ ወለል ወደ ቤቱ እየሰመጠ ነው፤ ሊሾ ልጨምር ወይስ ላፍርሰው?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቤት። የፊት በረንዳው 4 ሜትር በ1.80 ሲሆን ከግቢው 45 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ዙሪያው በድንጋይ ግንብ ተይዟል። ወለሉ 8 ሳ.ሜ. ገደማ ውፍረት አለው፣ ፌሮ የለውም። በቤቱ ግድግዳ በኩል ግራ ጥጉ 5 ሳ.ሜ.፣ ቀኙ 1 ሳ.ሜ. ወርዷል። ዞኮሎው (የግድግዳው ሥር ማልበሻ) ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ከሥሩ ጣት ያስገባል። ውሃ ሲፈስበት ወደ በሩ ይመጣል። የግራውን ግማሽ በመዶሻ ሲመቱት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የቆርቆሮው ክዳን ያረፈባቸው ሁለት የብረት ቋሚዎች በውጭው ጠርዝ ላይ ናቸው። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ (የውሃ ታንከር) ግራ ጥጉ አጠገብ አለ። ግንበኛው «ሊሾ አንስተን ታይል እናልብሰው» ይላል። ያዋጣል? ካላዋጣ ምን ያህል ሲሚንቶና ፌሮ ይፈጃል?

ቱምቢ
ኧረ አቦ፣ ሊሾውን እርሳው። 5 ሳ.ሜ. ሊሾ በ7.2 ካሬ ላይ 800 ኪሎ ያህል ነው። ከሥሩ አፈር ለሸሸው ወለል ይህን ጭነህበት ታይል ብታለብሰው ታይሉም አብሮ ይሰነጠቃል።

ከአገላለጽህ የውጭው ግንብ አልወረደም፤ የወረደው የቤቱ ጠርዝ ነው። ይሄ የመሠረት ሙሌት ችግር ነው። መሠረት ሲቆፈር ጉድጓዱ ከግንቡ ይሰፋል። ከዚያ የተቆፈረው አፈር ከፍርስራሽ፣ ከእንጨትና ከሲሚንቶ ከረጢት ጋር ሳይጠቀጠቅ ይመለስበትና በረንዳው ላዩ ላይ ይሞላል። የእኛ አሸዋማ ደለል ደግሞ ደረቅ ሳለ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ሲጠግብ ባንዴ ይቀመጣል። ስለዚህ ጃክሀመር ከመከራየትህ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቅ፤ አለዚያ አዲሱም ይከተለዋል።

የምጠረጥረው ሮቶውን ነው። ሞልቶ ሲፈስ የት ይወርዳል? ከሥሩ ያለው አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ መልሱ እሱ ነው፤ ተንሳፋፊውን ቀይርና የትርፍ ውሃ ቱቦውን ወደ ግቢው ቦይ አውጣው። ቀጥሎ አሸንዳውን እይ፤ መውረጃው ከግድግዳው ሥር ከጣለ ቢያንስ 1.5 ሜትር አርቀው። ሦስተኛ፣ መስመሩ ላይ ውሃ ባለበት ሰዓት የሮቶውን መግቢያ ጨምሮ ሁሉንም ዘግተህ ቆጣሪውን አንብብ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ከተንቀሳቀሰ ቧንቧ ተበስቷል። የሽንት ቤት ፍሳሽ በበረንዳው ሥር የሚያልፍ ከሆነ ግን ቆጣሪ አያሳይህም፤ ማንሆሉን ከፍተህ ቀለም የተቀላቀለ ውሃ ልቀቅና ታችኛው ጫፍ መድረሱን ተመልከት።

ስንጥቅ ካለ በ2 ቦታ ቀጭን ጀሶ አሻግረህ ቀባና ቀን ጻፍበት። በወር ውስጥ ጀሶው ከተሰነጠቀ ንቅናቄው አልቆመም። ስንጥቁ ወደ ቤቱ ግድግዳ፣ በተለይ ወደ መስኮት ጥግ ከተሻገረ ግን ጉዳዩ የበረንዳ አይደለም፤ መሐንዲስ ጥራ።

ፌራዮ ከዚራ
በቱምቢ ሐሳብ እስማማለሁ። 5 ሳ.ሜ. ከወረደና ፌሮ ከሌለው አፍርሰው።

መጀመሪያ ክዳኑን በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ድጋፍ ቋሚ) ደግፍ፤ ቋሚዎቹ ላይ ያለው ጭነት ሳይነሳ አንዲት ድንጋይ እንዳትነካ። ወለሉን አንስተህ ሙሌቱን ቆፍር። ልኩ እንዲህ ነው፦ ፌሮ 12 (ባለ 12 ሚ.ሜ. ብረት) በእጅ ስትገፋው ከ10 ሳ.ሜ. በላይ ከገባ አሁንም ቀጥል። የድሮውን አፈር አትመልሰው። ገረጋንቲ (ጠጠራማ የሙሌት አፈር) አስገባ፤ 20 ሳ.ሜ. እየዘረጋህ፣ እየረጨህ፣ ወደ 15 እስኪወርድ ጠቅጥቅ። ስትጨብጠው የሚቋጠር፣ እጅህን የማያጨቀይ ሲሆን እርጥበቱ ልክ ነው። ኮምፓክተር ከግድግዳው ጋር አይጠጋም፤ ያንን 20 ሳ.ሜ. በእጅ መምቻ ሥራው። ሰው የሚዘለው ይህችን ነው፣ በረንዳ የሚሰምጠውም ከዚህችው ይጀምራል። ከላይ 25 ሳ.ሜ. ሃርድኮር፣ ማለትም የድንጋይ ንጣፍ (1.8 ሜትር ኩብ)፣ ክፍተቱን በጠጠር ሙላና ፕላስቲክ አንጥፍ።

ወለሉ 10 ሳ.ሜ. ይሁን፤ አርማታው 0.72 ሜትር ኩብ ይሆናል። 1፡2፡3 በ50 በ40 በ20 ሳ.ሜ. ሳጥን፦ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር። አንዱ ቡኮ (የአንድ ከረጢት ቅልቅል) 0.15 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል፤ ስለዚህ 5 ከረጢት፣ ብክነት ጨምረህ 6 ግዛ። ውሃው በከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ቀንስ። ለሠራተኛ እንዲቀል ተብሎ የሚጨመረው ውሃ ነው በኋላ ላዩን ዱቄት የሚያደርገው።

ፌሮ 8 በየ20 ሳ.ሜ.፣ በሁለቱም አቅጣጫ፦ 10 ፍሬ በ3.90 እና 21 ፍሬ በ1.70። ከ12 ሜትሩ 3 ረጅም ወይም 7 አጭር ይወጣል፤ በጠቅላላ 7 ዘንግ ይበቃል። ከሥሩ የአርማታ ኩብ አስቀምጥ፤ ፕላስቲኩ ላይ የተኛ ፌሮ እንደሌለ ይቆጠራል። በቤቱ ግድግዳ በኩል 1 ሳ.ሜ. ስታይሮፎም አስገብተህ ለየው። ተዳፋቱ ወደ ውጭ 3.5 ሳ.ሜ. ይሁን።

ሐረር ጀጎል
ስታይሮፎሙ ላይ አልስማማም። ሙሌቱ በደንብ መጠቅጠቁን በማን ቃል ታምናለህ? እኔ ብሆን ወለሉን ጭራሽ ከሙሌቱ አላቅቀዋለሁ፦ በአንድ በኩል በውጭው ግንብ ላይ ይረፍ፣ በሌላው ከግሬድ ቢሙ (ከግድግዳው ሥር ካለው የአርማታ ማሰሪያ) ጋር በየ30 ሳ.ሜ. ፌሮ 12 ይታሰር። ቀዳዳው 15 ሳ.ሜ. ይግባ፣ ብናኙ በአየር ይውጣ፣ በኢፖክሲ (በኬሚካል ማጣበቂያ) ይያዝ እንጂ በሲሚንቶ ውሃ አይሁን። ውፍረቱ 12 ሳ.ሜ.፣ ታችኛው ፌሮ 10 በየ15 ሳ.ሜ. በአጭሩ አቅጣጫ። ቦታው ጥቁር ዋልካ ከሆነ ከዚህ ውጭ አልሞክርም፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል።

ቱምቢ
ሁለቱም ይሠራል፤ አደጋው መሃል ቤት መቆም ነው። ሙሌት ላይ የተኛ 10 ሳ.ሜ. ወለል በፌሮ ከቤቱ ጋር ከታሰረ፣ ሙሌቱ ሲቀመጥ የታሰረው ጠርዝ ይቀርና መሃሉ ይሰበራል። ወይ በደንብ ጠቅጥቀህ ለየው፣ ወይ እንደ ሐረር ጀጎል ራሱን የሚሸከም አድርገው። የጀጎልን ከመረጥክ ግሬድ ቢሙ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ቆፍረህ እይ፤ ብሎኬት ላይ ያረፈ ፌሮ ምንም አይይዝም።

የሳቢያን ልጅ
ሮቶው ነው፤ ትርፍ ውሃው በቀጥታ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። የፌራዮን እከተላለሁ። ወለሉን ሳላፈርስ በቀዳዳ መሙላትስ?

ፌራዮ ከዚራ
ያ ወለሉ ከ2 ሳ.ሜ. በታች ወርዶ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ንቅናቄውም ቆሞ ሲሆን ነው። በየ1 ሜትሩ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቀዳዳ ተበስቶ 1፡3 ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ይፈስበታል፤ ባዶውን ይሞላል እንጂ ወለሉን አያነሳም። ለማንሳት በግፊት የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል። ያንተ 5 ነው፣ ፌሮም የለው።

አርማታውን የምትሞላበትን ቀን ምረጥ። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሳይጀምር፣ ጎህ ሲቀድ ጀምረህ ፀሐይ ሳትከር ጨርስ። በድሬ ሙቀት ላዩ ከሥሩ ቀድሞ ይደርቅና ይተረተራል። እንደደረቀልህ እርጥብ ጆንያ አልብሰውና 7 ቀን ሙሉ ሳትቆርጥ አጠጣ፤ ጠዋትና ማታ ብቻ አይበቃም፣ ጆንያው መድረቅ የለበትም። ሮቶውን አትመልስበት፤ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ የራሱን መደብ ከግድግዳው ራቅ አድርገህ ሥራለት። ታይሉን ከ28 ቀን በኋላ አልብስ፤ የሚያንሸራትተውን አንጸባራቂ አትግዛ።