ኤምባሲ ደጃፍ ያለው የእግረኛ መንገድ የማን ነው? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን የዋሽንግተን ዲሲ አስፋልት ዳር ነው። ጦርነት በተነሳ ቁጥር፣ የእኛም ይሁን የሌላው፣ ሰው ፎቶና ባንዲራ ይዞ አንድ ኤምባሲ ደጃፍ ይቆማል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ተቃዋሚውም ደጋፊውም በዚያችው ከተማ መንገድ ላይ ወጥቷል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ከኤምባሲና ከባለሥልጣን መኖሪያ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ሰልፍ ይከልከል ወይስ የእግረኛ መንገዱ እስከ አጥሩ ድረስ የሰልፈኛ ነው? ዓመቶቹን በፈረንጅ እንጻፍ። ጦርነቱን ማን ጀመረ የሚለው ዛሬ አይነሳም፤ ያነሳ ጽሑፉ ይነሳል።

ፀጥታ ይሻላል፦ እኔ ርቀት ይበጅ ባይ ነኝ። መቶ ጫማ ይበቃል፤ ሠላሳ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አሜሪካ ራሷ የፈረመችው የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 22 ተቀባዩ አገር የኤምባሲውን ሰላም ከመታወክ፣ ክብሩንም ከመጉደፍ የመጠበቅ ልዩ ግዴታ አለበት ይላል። ደግሞ ኤምባሲ ማለት አምባሳደሩ ብቻ አይደለም። ፓስፖርት የሚያሳድስ፣ ውክልና የሚሰጥ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች። እሷን በር ላይ «ባንዳ» እያሉ በሜጋፎን መቀበል ሐሳብን መግለጽ የሚባለው ከየትኛው መዝገበ ቃላት ነው?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ አንቀጹን በትክክል ጠቅሰሽዋል። ነገር ግን ይሄው ክርክር ፍርድ ቤት ቀርቦ አልቋል። ኮንግረስ በ1938 ለዲሲ ያወጣው ሕግ ነበር። ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ከኤምባሲ 500 ጫማ ውስጥ ያንን መንግሥት የሚያዋርድ ጽሑፍ መያዝ ይከለክላል። ሁለተኛው በዚያው ርቀት ውስጥ ተሰባስበው ፖሊስ ተበተኑ ሲል እምቢ ማለትን ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 ቡስ በባሪ ላይ ባቀረበው ጉዳይ የመጀመሪያውን ጣለው። ከከሳሾቹ አንዱ ኒካራጓ ኤምባሲ ፊት ሊይዘው የፈለገው ጽሑፍ «ግድያው ይቁም» የሚል ነበር። በዚያ ሕግ አንዱ እዚያው ቦታ ቆሞ «መሪያችን ይኑሩ» ቢል ነጻ ነው፤ ከሳሹ ግን ይታሰራል። ፍርድ ቤቱን ያላስኬደው ይህ ነው። ክብር ለመጠበቅ ተብሎ ሐሳብ መርጦ ማፈን አይቻልም አለ።

መቶ ጫማ ያልሽውም አዲስ አይደለም። በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ ነበር፤ ኮንግረስ ራሱ በ1976 ሰረዘው። በቦታው የቀረው ዲፕሎማትን ማስፈራራትን፣ ማስገደድን፣ ማዋከብን የሚከለክለው ነው። ፍርድ ቤቱም ይህን ጠቅሶ «ቪየናን ለማክበር ከዚህ የላላ መንገድ አለ» ብሏል።

ፀጥታ ይሻላል፦ ጠበቃ፣ ግማሹን ነግረኸን ግማሹን ዋጥከው። ሁለተኛው ክፍልስ?

ጠበቃው፦ ልክ ነሽ፣ ሁለተኛው በዚያ ፍርድ ጸንቷል። ግን ተጠብቦ ነው የጸናው። ፖሊስ መበተን የሚችለው ሰልፉ የኤምባሲውን ደኅንነት ወይም ሰላም እንደሚያሰጋ በበቂ ምክንያት ሲያምን ነው ተባለ። አምባሳደሩ ተናደዱ ብሎ አይደለም። ከዚያ በፊት ይህ ሕግ እንዴት እንደሠራ ማየት ከፈለግሽ ከኅዳር 1984 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ፊት የተደረገውን የጸረ አፓርታይድ ሰልፍ ተመልከቺ። ሰው በሺዎች ተያዘ፤ የኮንግረስ አባላት ሳይቀሩ። ክሱ ግን በአብዛኛው እየተነሳ ይለቀቁ ነበር።

የቀበና ልጅ፦ ሕጉን ትቼ መንገዱን ላውራ። ሰልፍ የሚበላሸው በመፈክር አይደለም፤ በስፋት ነው። በዲሲ ከ2005 ወዲህ የሚሠራው የሰልፍ ሕግ ግልጽ ነው። በእግረኛ መንገድና በዜብራ ላይ ሆናችሁ ሌላው እግረኛ እንዲያልፍ ከተዋችሁ ማሳወቅም ፈቃድም አያስፈልግም። ከ50 ሰው በታች ሆናችሁ አስፋልት ካልገባችሁም እንዲሁ። ለድንገተኛ ክስተት ወዲያው የሚወጣ ሰልፍም ነጻ ነው። «ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ ለሚመጣ ፖሊስ መልሱ ይህ ነው፤ በትህትና።

አሁን ቁም ነገሩ፦ «እንዲያልፍ» ማለት ምን ማለት ነው? ዊልቸር ለማሳለፍ መሠረታዊው ልክ 36 ኢንች ነው፣ 91 ሳንቲ ሜትር። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከግድግዳው ወይም ከአጥሩ ሳይሆን ከዛፉ ሥር ካለው ብረት፣ ከመብራት እንጨቱ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ለኩ፤ እዚያ ነው የሚጠበው። መተላለፊያውን ለዩና አንድ ሥርዓት አስከባሪ በየ10 ሰው አቁሙ። ሰው የሚያጠፋው ፎቶ ሲነሳ ነው። ከባነሩ ፊት ይሰበሰባል፣ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ መንገዱ ይዘጋል። ክሱ የሚመጣው ያኔ ነው።

ኮሚቴ፦ ክሱ ምን የሚባለው ነው? ብዙ ሰው «ሁከት መፍጠር» ይመስለዋል።

ጠበቃው፦ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ መዝጋት ነው። በዲሲ እስከ 90 ቀን እስር ወይም 500 ዶላር መቀጫ አለው። ግን መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ፖሊስ ተው ካለ በኋላ መቀጠል ያስፈልጋል። ስለዚህ ትእዛዙን ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሰዓቱ፣ የተናጋሪው መለያ ቁጥር፣ ምን እንዳለ። በዲሲው የሰልፍ ሕግ ፖሊስ የአድማ በታኝ ልብስ ቢለብስም ስሙ ወይም ቁጥሩ መታየት አለበት። ተበተኑ ሲልም የሚሰማ ትእዛዝ፣ በቂ ጊዜና ግልጽ መውጫ መስጠት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ሰው ይጠቅማል። ጣቢያ ከሄዱ በኋላ ብዙ ጊዜ 50 ዶላር ከፍለሽ ሂጂ የሚባል አሠራር አለ። ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደ ጥፋተኝነትም አይቆጠርም። ነገር ግን የዜግነት ማመልከቻው የሚጠይቀው ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ብቻ አይደለም፤ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ነው። መልሱ «አዎ» ነው፣ ወረቀቱም መያያዝ አለበት። «ተዘግቷል» ብሎ «አይ» የሚል ሰው ከሰልፉ የበለጠ ችግር ይገዛል። ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ፀጥታ ይሻላል፦ እኔን የምታስተምሩኝ ሰልፍ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ጥያቄዬ ግን ለምን እዚያው በር ላይ? ሁለት ብሎክ ርቆ ቢጮህ ምን ይጎድላል?

የለንደኑ ልጅ፦ እሱን እኛ ሞክረነዋል። ፓርላማ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ላይ ብራያን ሃው የሚባል ሰው ከሰኔ 2001 ጀምሮ በኢራቅ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ፣ ኋላም ጦርነቱን ተቃውሞ ተቀመጠ። የአካባቢው ምክር ቤት በ2002 «መንገድ ዘግቷል» ብሎ ቢከስ ዳኛው አልተቀበሉትም፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰው ያልፋል። በመንገድ ማሸነፍ ሲያቅት በ2005 በፓርላማው ዙሪያ እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ክልል የሚከልል ሕግ ወጣ። በዚያ ክልል ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቢቆም እንኳ ከ6 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ካልተቻለ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት።

ውጤቱን ስሙ። በዚያው ዓመት አንዲት ሴት የጦር ሜዳ ሰማዕታት ሐውልት ሥር ቆማ ኢራቅ ውስጥ የሞቱትን 97 የእንግሊዝ ወታደሮች ስም ስታነብ ተይዛ ተፈረደባት። ሜጋፎን የለ፣ የዘጋችው መንገድ የለ። በግንቦት 2006 ደግሞ ፖሊስ ሌሊት መጥቶ የሃውን ሰሌዳዎች ጠርጎ ሦስት ሜትር ብቻ ተወለት። ሕጉ በ2011 ተሻረ፤ በምትኩ አደባባዩ ላይ ድንኳን መትከልና መተኛት ተከለከለ። ርቀት ሕግ ሲሆን የሚይዘው ጯሂውን ብቻ አይደለም፤ ስም የምታነበዋንም ነው።

የቀበና ልጅ፦ ኒው ዮርክም አለ። የካቲት 15 ቀን 2003 የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ሲል ከተማው በተባበሩት መንግሥታት ደጃፍ ማለፍን ከለከለ፣ ፍርድ ቤትም አጸናው። የተፈቀደው አንደኛ ጎዳና ላይ ቆሞ መሰብሰብ ብቻ ነበር። ፖሊስ ሰዉን በብረት አጥር እየከፋፈለ በየብሎኩ አጎረው። ወደ መድረኩ መድረስ ያልቻለው ሕዝብ በሁለተኛና በሦስተኛ ጎዳና ላይ ተጨናንቆ ቀረ። ሰልፍ ስታርቀው አይጠፋም፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ይዘጋል።

ጠበቃው፦ ርቀቱ ሐሳብ ሳይመርጥ ለሁሉም እኩል ቢሆንስ የሚል ካለ፣ የ2014ቱን የማሳቹሴትስ ጉዳይ ይይ። ጉዳዩ ስለ ጽንስ ማስወረጃ ክሊኒክ ነው፣ ግን ቦታው ያው የእግረኛ መንገድ ነው። 35 ጫማ ክልል ነበር። ዘጠኙም ዳኞች ጣሉት። ምክንያቱ፦ መጀመሪያ በር የዘጋውን፣ ያዋከበውን ሰው በነበረው ሕግ ክሰስ፤ ያ እንዳልሠራ ሳታሳይ ሁሉንም አታባርር። ማንበብ ብዙ የማይወድ ሰው ይህን አንድ ፍርድ ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል።

ኮሚቴ፦ ዋይት ሀውስ ፊት ግን ገደብ አለ አይደል?

ጠበቃው፦ አለ፤ እዚያ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው የሚያዘው። አጥሩ ሥር ባለው መንገድ ከ750 ሰው አይበልጥም፣ ከፊቱ ባለው ላፋዬት ፓርክ 3,000። በቬትናም ጊዜ ቁጥሩ 100 እና 500 ነበር፤ ጦርነት የሚቃወሙት ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ክስ መስርተው በ1975 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከፍ አደረገው። ከ25 ሰው በላይ ከሆናችሁ ከ48 ሰዓት በፊት ማመልከቻ ማስገባት አለባችሁ። የምትይዙት ጽሑፍ ካርቶን ወይም ጨርቅ ሆኖ ከ3 ጫማ ወርድ፣ ከ20 ጫማ ርዝመት፣ ከሩብ ኢንች ውፍረት አይበልጥ። መያዣው እንጨት ብቻ፣ ውፍረቱም እስከ ሦስት አራተኛ ኢንች። የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሌ አለ፤ ቧንቧው ይወሰዳል። መሃል ባለው 20 ያርድ ላይ ጽሑፍ ይዞ መቆም አይቻልም፣ መንቀሳቀስ ግን ይቻላል። በ2018 ያንን 25 ጫማ ስፋት ያለው መንገድ ወደ 5 ጫማ ለማጥበብ ሐሳብ ቀርቦ በቀጣዩ ዓመት ተነሳ። የመንገድ ነገር፣ ካልጠበቁት ይጠባል።

ፀጥታ ይሻላል፦ ቤትስ? የባለሥልጣን ቤት ደጃፍ ልጆቹ ተኝተው?

ጠበቃው፦ እዚያ ካንቺ ጋር ነኝ። በ1988 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዊስኮንሲን ብሩክፊልድ ጉዳይ አንድን ቤት ለይቶ ደጃፉ ላይ መሰለፍን መከልከል ይቻላል ብሏል። በሰፈሩ ማለፍ ግን አይከለከልም። ዲሲ ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ መኖሪያ ቤት ላይ ያነጣጠረ ሰልፍን ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ትከለክላለች፤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጭምብልም አይፈቀድም፣ ለፖሊስ ሳይነግሩ መሄድም። ቤት ቢሮ አይደለም፤ ኤምባሲ ግን ቢሮ ነው።

ኮሚቴ፦ ግቢ መግባትስ? በመስከረም 2014 እዚያው ዲሲ በእኛ ኤምባሲ የሆነውን እናስታውስ። ሰልፈኞች ግቢ ገብተው ባንዲራ ሲቀይሩ ጥይት ተተኮሰ። ማንም አልቆሰለም እንጂ ሊሞት ይችል ነበር።

የቀበና ልጅ፦ ያንን ማንም አይከራከርበትም። ከአጥሩ ወዲህ የእግረኛ መንገድ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ የኤምባሲ ግቢ። በሩ ቢከፈትም፣ የሚያውቁት ሰው ግቡ ቢልም አንገባም። ሥርዓት አስከባሪ መጀመሪያ የሚቆመው በሩ ላይ ነው፣ ጀርባውን ለኤምባሲው ሰጥቶ፣ ፊቱን ለራሱ ሰዎች።

ኮሚቴ፦ ተቃራኒ ወገንም ሲመጣ?

የቀበና ልጅ፦ ሁለቱ በአንድ ጠርዝ አይቆሙም፤ አንዱ ወዲያ ማዶ። ከማን ወገን ማን በር ላይ ይቁም የሚለው ቀድሞ በመጣ ይፈታል። ፖሊስ አንዱን «ሌላው ይናደዳል» ብሎ ሊያባርር አይችልም። የጥበቃ ወጪም እንደ ሰሚው ቁጣ መጠን ሊያስከፍል እንደማይችል በ1992 ተፈርዷል።

ፀጥታ ይሻላል፦ እሺ፣ ርቀቱን አትሰጡኝም። ድምጹን ስጡኝ። ሜጋፎኑ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ ይዙር፤ ቆንስላ በሚሠራበት ሰዓት በየሰዓቱ 15 ደቂቃ ዝም ይበል። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ስሙ ሲጠራ ይስማ። ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው በስሙም በዘሩም አይጮህበት።

ጠበቃው፦ የድምጽ መጠንን ሐሳብ ሳይለዩ መወሰን ይቻላል፤ በ1989 በሴንትራል ፓርክ ኮንሰርት ጉዳይ ተፈቅዷል። ስለዚህ ያልሽው ሕግ ቢሆን እንኳ የሚቆምበት እግር አለው።

የቀበና ልጅ፦ ሕግ ሳይሆን ሥርዓት አስከባሪዎቹ የሚይዙት ወረቀት ላይ ይግባ። ወደ መንገዱ ማዞሩን እቀበላለሁ፤ ድምጹም ሩቅ ይሄዳል። 15ቱን ደቂቃ ወደ 10 አውርጂልኝ፣ ሰው ሲቀዘቅዝ ይበተናል።

ፀጥታ ይሻላል፦ አሥራ ሁለት።