እሁድ አብስዬ ሳምንቱን ልብላ ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ዘዴ ያላችሁ እስኪ አካፍሉኝ

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት (አጂፕ ሰፈር)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጅማ ነኝ። እኔም ባለቤቴም ስራ ነው የምንውለው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ትልቁ 11፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። አማቴም ከኛ ጋር ናቸው። ደም ግፊት ስላለባቸው ጨው መቀነስ አለብኝ። ታግዘኝ የነበረችው ልጅ ለመስቀል አገሯ ሄዳ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ 11፡30 ቤት እገባለሁ፣ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ሽንኩርት እይዛለሁ። እራት የሚደርሰው 2፡30 ነው። ትንሿ ያኔ ተኝታለች።

የስራ ባልደረባዬ "እሁድ አብስይና ተገላገይ" አለችኝ። ሞከርኩ። አምስት ዓይነት ወጥ ሰርቼ ፍሪጁን ሞላሁት። ቀኑ ሙሉ እሳት ስር አለፈ። ማክሰኞ ባለቤቴ "ዛሬም ይሄው ነው?" አለ። ረቡዕ ክክ አልጫው ኮምጥጦ ተደፋ። እንጀራው በአራተኛው ቀን ሻገተ። ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ እንዳልለቀቀን ታዩታላችሁ።

ፍሪጃችን ትንሽ ናት፤ ከላይ ፍሪዘር አላት። መብራት እንደምታውቁት ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። የልጆቹ ምሳ ዕቃም አለ። ምን ላድርግ?

እትዬ (ኮቺ)

ልጄ፣ አይዞሽ። ስህተትሽ ወጥ ሰርተሽ ማስቀመጥሽ ነው። የሚቀመጠው ቁሌት ነው። ወጡን በየቀኑ ትኩስ ትሰሪዋለሽ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም። ጊዜ የሚበላው ሽንኩርቱ እንጂ ምስሩ አይደለም እኮ።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ቅዳሜ 3 ኪሎ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፋለሁ። ልጆች ካሉ ይላጡ፣ የ11 ዓመት ልጅ ሽንኩርት መላጥ አያቅተውም። በትልቅ ድስት ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ እሳቱን ቀንሼ አቁላላዋለሁ። እንዳይዝ ማማሰል ነው። ውሃው ሲመጥ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት እጨምራለሁ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ አንድ ሦስተኛውን አወጣለሁ። እሱ የአልጫ ነው። በቀረው ላይ አራት ወይም አምስት የቡና ሲኒ በርበሬ ጨምሬ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውሃ እየሰጠሁ አበስለዋለሁ። በርበሬ ካልበሰለ ጨጓራ ነው ትርፉ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መጨረሻ ላይ።

ቅቤ አታግቢበት። በዘይት ከሆነ ለጾምም ለፍስክም ያገለግልሻል። ቅቤውን የፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል ጣል ታደርጊበታለሽ። ጨውም አታግቢ። የአማትሽን ድርሻ ወጡ ሲበስል ቀድመሽ ትጨልፊላቸዋለሽ፣ ከዚያ የቤተሰቡን ጨው ትጨምሪያለሽ። ግን በርበሬሽም ሽሮሽም ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው እንደሆነ አስታውሺ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና "ጨው አልጨመርኩም" ይላል።

ሲበርድ ለአንድ ድስት የሚበቃውን በአንድ ላስቲክ አድርገሽ፣ ጠፍጠፍ አድርገሽ ፍሪዘር ውስጥ ደርድሪው። ጠፍጣፋ ከሆነ ቦታ አይዝም፣ ቶሎም ይሟሟል። እኔ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ፤ ምንም አይል።

ወንደላጤው (መንደራ)

እትዬ ያሉት ልክ ነው። እኔ ከሞኝነቴ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድንች ያለበት ወጥ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢ። ሲሟሟ ስፖንጅ ይሆናል። አንድ ወር ሙሉ ስፖንጅ በልቻለሁ።

የጅሬኗ

እህቴ፣ እኛ ቤት ይሄን ነገር ያስተማረን ረመዳን ነው። ለፊጥር ሳምቡሳና ሾርባ ከየት ይመጣል ብለሽ ነው፤ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ማን ይችለዋል? ሳምቡሳውን ሞልተን ጠቅልለን፣ ሳንጠብሰው ትሪ ላይ ሳይነካካ እናቀዘቅዘዋለን። ሲደርቅ በላስቲክ እንሰበስበዋለን። ስንፈልግ ሳናሟሟው ቀጥታ ዘይት ውስጥ። የምስር ሳምቡሳ ለረቡዕና ለዓርብ ምሳ ዕቃ ይሆንሻል፤ ልጆችም አይመልሱትም።

የሳምንት ሜኑ ቀድሞ በማውጣት ግን አልስማማም። ብዙ ሰው ወረቀት ይዞ "ሰኞ ይሄ፣ ማክሰኞ ያ" ብሎ ይጽፍና ገበያ ሲወጣ የጻፈውን አያገኝም፣ ወይ ዋጋው አይቀመስም። እኔ ከገበያ ነው የምጀምረው። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው፤ ከገጠር ሁሉም ይገባል። መጀመሪያ ያገኘሁትን እገዛለሁ፣ ከዚያ ማታ ቁጭ ብዬ ቀኖቹን አከፋፍላለሁ። ቶሎ የሚጠወልገው ይቀድማል። የሐሙስ ጎመን ዓርብ ይበላል፣ ይኸው የጾም ቀንሽ። ቲማቲም ቀጥሎ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስር እስከ ማክሰኞ ረቡዕ ይቆዩልሻል። ጎደሬም ይቆያል፤ ግን አስተካክለሽ አብስይው፣ ካልበሰለ ጉሮሮ ይበላል። አቮካዶ ስትገዢ ሁለቱ ለዛሬ የለሰለሱ፣ ሌሎቹ ድንጋይ የመሰሉ ይሁኑ። ሁሉንም የበሰለ ከገዛሽ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሚበላሸው። አቮካዶ ሞልቶ በተረፈበት ከተማ አቮካዶ መጣል ያሳፍራል ወላሂ።

ደግሞ የጾም ቀኖችሽ ችግር አይደሉም፣ እፎይታ ናቸው። ከሰባቱ ሁለቱ ተወስነውልሻል ማለት ነው።

ላብራቶሪ ነው የምሰራው

አልጫሽ ለምን እንደኮመጠጠ እገምታለሁ። በትልቅ ድስት ትኩሱን ክዳን ገጥመሽ ነው ያስቀመጥሽው፣ አይደል? ትልቅ ድስት መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጃል፤ ባክቴሪያ የሚወደው ያንን ለብታ ነው። ሰፋ ባለ ትሪ ወይም በትንንሽ ሳህን አከፋፍለሽ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥም ይረዳል። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ 3፣ ቢበዛ 4 ቀን ነው። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ፍሪዘር። ስታሞቂ የምትበሉትን ብቻ ቀንሰሽ በደንብ ይፍላ። ድስቱን በየቀኑ እያወጡ እያሞቁ መመለስ ይቅርብሽ።

መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቺ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። የሞላ ፍሪዘር ግን 48 ሰዓት ገደማ ይዘልቃል፤ ግማሽ ከሆነ 24። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለ የውሃ ጠርሙስ ሙይበት፤ አፉ ድረስ ግን አትሙይው፣ በረዶ ሲሆን ይሰነጠቃል።

ሽምብራና ባቄላ የምትቀቅይ ከሆነ ማታውኑ ዘፍዝፊ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ሽምብራው አልበስል ያለው በሻጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

እንጀራ ሻጯ

የሻገተውን ቦታ ቆርሳችሁ ቀሪውን የምትበሉ ካላችሁ ተዉ። ሻጋታው የማይታይ ስር አለው።

እንጀራ የሚሻግተው ላቡ ሳይወጣ ስለሚደራረብ ነው። ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይደራረብ። ትኩሱን በላስቲክ ከጠቀለልሽው ያልበዋል፣ በዚህ ዝናብ ደግሞ ሦስት ቀንም አይቆይልሽ። ማስቀመጫውንም በየጊዜው አጥበሽ ፀሐይ አስመቺው። የሳምንቱን ባንዴ ከመጋገር ሁለቴ ጋግሪ፣ ወይ ግማሹን ግዢ (ለራሴ ገበያ እየሳብኩ አይደለም)። የተረፈውን በቀዘቀዘበት ቀን አጥፈሽ ሦስት ሦስት እያደረግሽ ፍሪዘር አስገቢ። ማታ ብታወጪው ጠዋት ለፍርፍር ይደርሳል።

አባወራ ነኝ

ሁሉም መልስ ጥሩ ነው። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። "ዛሬም ይሄው ነው?" ያለው ሰውዬ እጅ የለውም እንዴ? እኔ ቤት የጠዋት ምሳ ዕቃ የኔ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ሩዙን ትኩሱን ከድኜ ላክሁ፣ ልጄ "አባዬ ይሸታል" ብሎ መልሶ አመጣው። አሁን ፍርፍሩን አቀዝቅዤ ነው የምከድነው። በሰዓት ውስጥ የማይበሉት ከሆነ ደረቅ ነገር ይሻላል፦ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ቆሎ። ማንም ወንድ ይችለዋል።

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሪፖርት ላቅርብ።

እትዬ፣ እጅዎን ልሳም። ቁሌቱ ቤቴን አዳነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ዘጠኝ ላስቲክ ወጣው። ትልቁ ልጅ እያለቀሰ ላጠ፤ እምባው የሽንኩርት ይሁን የንዴት አላውቅም። አሁን 11፡30 ገብቼ 12፡30 እራት ቀርቧል። ትንሿ ከኛ ጋር ትበላለች።

የሐሙሱንም ሞከርኩት። አሁን ዓርብ ጎመንና ሽሮ ነው፣ ቅዳሜ ስጋ፣ እሁድ ቀን እንግዳ ካለ የተለየ ነገር፣ ከሌለ የተረፈው። ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ እንቁላል ወጥ፣ ረቡዕ ክክ አልጫ በጥቅል ጎመን። ሐሙስ ከገበያ ደክሜ ስለምመጣ ፓስታ፤ እሱን ባለቤቴ ነው የሚሰራው። የአባወራውን መልስ አንብቤለት ነበር። ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ተነስቶ ውሃ ጣደ። ፓስታው ጨው በዝቶበት አማቴ አልበሉለትም፤ በቀጣዩ ሳምንት አስተካከለው።

ያልተሳካው ሳምቡሳው ነው። ትሪ የሚይዝ ፍሪዘር የለኝም፣ ተጣብቆ አንድ ጉብታ ሆነ። እንጀራውም ግማሹን እየገዛሁ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ እትዬ። ስጋው ቦታ ስለሚይዝብኝ ለምን ቋንጣ አላደርገውም ብዬ አሰብኩ። አሁን ይሆናል?

እትዬ (ኮቺ)

አሁን እንዳትሞክሪው ልጄ። በዚህ እርጥበት ሳይደርቅ ይሸታል፣ ስጋሽን ትጥያለሽ። ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ለማን ልትሰቅይው ነው? ገና ይለፍና ጥር ላይ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ በቀጭኑ ዘልዝለሽ በርበሬና ጨው አሽተሽ ስቀይው። ያለ ጨው ቋንጣ አይሆንምና አማትሽን ከዚያ አርቂያቸው። እስከዚያ ስጋውን ጥሬውን በአንድ ድስት ልክ ከፋፍለሽ ፍሪዘር አድርጊ፣ ዓርብ ማታ ወደ ታች ፍሪጁ አውርጂው። አንዴ የሟሟውን መልሰሽ እንዳታስገቢ።

ሳምቡሳውን ደግሞ በሁለት ሳህን፣ በሁለት ዙር ሞክሪው። ትሪ የግድ አይደለም።