3 ጊጋ የማይሞላ ፋይል 4.7 ጊጋ ዲቪዲ ላይ ለምን አይገባም?

ቀራጩ_ልጅ
ሰላም እንዴት ናችሁ። የአክስቴን ልጅ ሰርግ ኤዲት አድርጌ ጨርሻለሁ። ከሽምግልናው እስከ መልሱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በኤች.264 ኤምፒ4 አወጣሁት፣ 3 ጊጋ እንኳን አይሞላም። ባዶው ዲስክ ላይ 4.7 ጊጋ ይላል። ዲቪዲ መሥሪያው ፕሮግራም ላይ ሳስገባው ግን ወደ 7 ጊጋ ይሆናል፣ አይበቃም አለኝ። ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚመደበውን የቢት መጠን) ቀንሼ እንዲገባ ሳደርገው ደግሞ ጭፈራው ላይ ምስሉ ተበላሸ፤ የሚዜዎቹ እግር አካባቢ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሠራል። ዲቪዲ መሆኑ ግዴታ ነው፣ ቤት ያሉት እናቶች የሚያዩት በሱ ነው። ምን ላድርግ?

ቢትሬት_ብቻ
ወንድሜ፣ የኤምፒ4ው መጠን እዚህ ምንም አይነግርህም። ኤምፒ4 መያዣ ነው፣ ምስሉን ያመቀው ውስጡ ያለው ኤች.264 ነው። እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን ዲቪዲ ገበያ ላይ የወጣው በ1996 ነው። ስለዚህ የዲቪዲ ማጫወቻ የሚጠብቀው ኤምፔግ-2 የሚባለውን የቀድሞ ማመቂያ ነው፣ ፕሮግራሙም ፋይልህን ፈትቶ እንደ አዲስ ያምቀዋል። ኤምፔግ-2 ደግሞ ለተመሳሳይ ጥራት እጥፍ ያህል ቦታ ይበላል።

አንተ ማየት ያለብህ ደቂቃውን ነው። 4.7 ጊጋ ማለት 37.6 ቢሊዮን ቢት ነው። ለ9,000 ሰከንድ ስታካፍለው 4.2 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ይደርስሃል፣ ድምፁና ሜኑው ሲቀነስ ለምስሉ ከ4 በታች ይቀራል። ለሽምግልናው ይበቃል፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ግድግዳው አይንቀሳቀስም። ኮዴኩ (ማመቂያው) ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፣ በመሃል የሚጽፈው የተለወጠውን ብቻ ነው። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው፣ ቀሚሱ፣ የሚሽከረከረው መብራት፣ ሁሉም በየፍሬሙ (በየነጠላ ምስሉ) ይለወጣል፣ ቢቱ አይደርሰውም፣ ያ አራት ማዕዘን የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ለሁለት ዲስክ ክፈለው። ሽምግልናና ቤተ ክርስቲያን አንድ፣ ድግሱና መልሱ ሌላ። ለየ75 ደቂቃው 7 ሜጋቢት በሰከንድ በደንብ ይበቃል። ደንቡ ለምስል እስከ 9.8 ይፈቅዳል፣ ግን ራሳችን የጻፍነው ዲስክ እዚያ ሲጠጋ አሮጌ ማጫወቻ ላይ ይቆማል። ቪቢአር (ቢትሬቱ እንደ ቦታው የሚለዋወጥበት)፣ ሁለት ዙር የሚለውንም ምረጥ። መጀመሪያ ሙሉውን ያነባል፣ ከዚያ ጸጥ ካለው ቦታ ቀንሶ ለጭፈራው ይሰጣል።

ታይምላይን25
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ቪዲዮህ ሦስት ጊዜ እየታመቀ ነው፤ ካሜራው አንዴ፣ ኤምፒ4 ስታወጣ ሁለቴ፣ ለዲስኩ ሦስቴ። በየዙሩ የጠፋው ዝርዝር ተመልሶ አይመጣም፣ የፊተኛውን ዙር ብልሽት ደግሞ ቀጣዩ ኮዴክ እንደ ምስል ቆጥሮ ቢት ያባክንበታል። ኤምፒ4ውን ለቴሌግራም ተወው። ፕሮግራምህ ኤምፔግ-2 ዲቪዲ የሚል ካለው ኤዲት ካደረግክበት ታይምላይን በቀጥታ አውጣ። ከሌለው ፕሮሬስ 422 ወይም ዲኤንኤክስኤችአር (ብዙ የማያምቁ የኤዲቲንግ ኮዴኮች) አድርገህ ለዲቪዲ መሥሪያው ስጠው። ሃርድ ዲስክህን ግን አስቀድመህ እይ፤ 2 ሰዓት ተኩል ፕሮሬስ በ1080፣ በ25 ፍሬም ከ130 ጊጋ በላይ ነው። ድምፁን 48 ኪሎኸርዝ አድርገው።

ቀራጩ_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ሁለት ዲስክ አደርገዋለሁ። አንዱ ኮፒ አሜሪካ ላሉት የሙሽሪት አጎት ይሄዳል፣ ያው ኮፒ ይሠራላቸዋል?

ታይምላይን25
ላይሠራ ይችላል። የኛ የቲቪ ሥርዓት ፓል ነው፣ 720 በ576፣ 25 ፍሬም። እዚያ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 720 በ480፣ 29.97 ፍሬም። እዚህ ያሉት ማጫወቻዎች አብዛኛዎቹ ሁለቱንም ያነባሉ፣ እዚያ ያሉት ግን ብዙዎቹ ፓልን እምቢ ይላሉ። ከ25 ወደ 29.97 ሲቀየር እንቅስቃሴው ትንሽ ይንገጫገጫል፣ በተለይ ካሜራው ሲዞር። ኮምፒውተር ወይም አዲስ ቲቪ ካላቸው ኤምፒ4ውን በፍላሽ ላክላቸው፣ ጥራቱም ከዲቪዲው ይበልጣል። የግድ ዲስክ ካሉ ለብቻው ኤንቲኤስሲ ሥራላቸው። በሁለቱም ላይ 16፡9 መመረጡን እይ፣ አለዚያ ሙሽሪት ቀጥናና ረዝማ ትወጣለች።

ቢትሬት_ብቻ
ኮፒ ከማብዛትህ በፊት በአርደብሊው (ተሰርዞ እንደገና በሚጻፍ) ዲስክ አንድ ጽፈህ እናቶች ቤት ባለው ማጫወቻ ሞክረው። ጭፈራው ካልተቆራረጠ ቀጥል። ከቆመ ቢትሬቱን ወደ 6 አውርደው።